አራተኛው ዓይነት ዕቃ

«ውሃ ነው፤ ብርጭቆ ተደፍቶብኝ ነው» ሲል ሰማው አባቱን፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ወዲያ። ገና በቅጡ አልነጋም። ቧንቧው ተከፍቶ ይንዠቀዠቃል፤ እህቱ በሩን በጣቷ ጫፍ እየቆረቆረች «እሺ አባዬ፣ ውሃ ነው። አንሶላውን ግን ለኔ አቀብለኝ፤ ጎንበስ ብለህ ስታሽ ወገብህን ይይዝሃል» ትለዋለች። በሩ አልተከፈተም። እሱ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ኮሪደሩ መሐል ቆሟል፤ ፊቱን ሊታጠብ ነበር የመጣው። እህቱ ዞር ብላ አየችው። አስተያየቷ ገብቶታል። ዓይኑን ወደ ግድግዳው መልሶ፣ እዚያ የተሰቀለውን ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ አዲስ ነገር የተጻፈበት ይመስል ማንበብ ጀመረ። ከበሩ ወዲያ አንሶላ ይጨመቃል። አባትየው ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ እያለ ነው የሚጨምቀው፤ ጠብ ጠብ የሚለውን ግን ቤቱ ሁሉ ይሰማዋል። ልጅየው ሲቸግረው ወጥ ቤት ገብቶ ፊቱን በሳህን ማጠቢያው ቧንቧ ታጠበ።

ልጅ እንበለው እንጂ ፀጉሩ መሳሳት የጀመረ ጎልማሳ ነው። ከቤታቸው ብዙም በማይርቅ ትልቅ ሱፐርማርኬት የሽያጭ ባለሙያ ነው፤ የትኛው ዕቃ የት እንደሚቀመጥ፣ ከምን አጠገብ፣ ከወገብ በላይ ይሁን ከወገብ በታች፣ የሚወስነው እሱ ነው። ስብሰባ በተቀመጡ ቁጥር «ሰው የሚገዛው ዕቃ አራት ዓይነት ነው» ብሎ ስለሚጀምር ሠራተኞቹ «አራት ዓይነት» የሚል ስም አውጥተውለታል። ሲጠሩት ሰምቷል፤ አልከፋውም። ስም የሚወጣለት ሰው መቼም ከቁጥር የገባ ሰው ነው ብሎ ያስባል።

እህቱ ሻይ ቀድታ ፊቱ አስቀመጠችለት፤ ስኳር ሳትጨምር። ስትናደድ እንዲህ ናት፤ አትጮህም፣ አትሳደብም፣ ስኳሩን ትነሳሃለች። ታላቁ ናት፤ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ሱሪ ስትቀይር ውላ ነው ማታ ቤቷ የምትገባው።

«ዛሬም ረሳሁ እንዳትለኝ» አለችው።

«አልረሳም።»

«ባለፈው ሳምንትም አልረሳም ብለኸኛል።»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩሽ እኮ። ዛሬ በምሳ ሰዓት አንድ እሽግ ይዤለት ብቅ እላለሁ። አለቀ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ትናንት የስፌት መኪናውን መሳቢያ ስከፍት ምን እንዳገኘሁ ታውቃለህ? ያንን አሮጌ የጠረጴዛ ላስቲክ ቆርጦ፣ ውስጡን ፎጣ ገብሮ፣ ለራሱ ሰፍቷል። ስፌቱን ብታየው! ለሙሽራ የሰፋው ነው የሚመስለው። ግን ሲራመድበት ይንኮሻኮሻል። እሱም ሰምቶት ነው መሰለኝ አውልቆ ደበቀው። እኔ ፈልጌ ልግዛልህ ብለው፣ ከሴት ልጄ እጅ ይህን ተቀብዬ ከዚያ በኋላ በምን ዓይኔ አይሻለሁ አለኝ። ወንድምሽ ያምጣልኝ፣ ወንድ ለወንድ ነን አለ። ፋርማሲዎቹን ብጠይቅ ደግሞ የሚልኩኝ እናንተ ጋ ነው። አንተን ነው የሚጠብቀው፣ ይሰማሃል?»

ይሰማዋል። አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበር፤ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ለሠርጉም ለቀብሩም የእሱን ሱሪ ነው የለበሰው። መቆሚያና መቀመጫ ያሳጣው ነገር ከጀመረው ወዲህ ሰው ቤት አልሄደም፤ አንድ ቀን ጎረቤት ሊጠይቅ ገብቶ፣ ወንበር ሲያቀርቡለት «መቆም ነው የሚስማማኝ» ብሎ እንደ ዘበኛ በር ላይ ቆሞ ወጣ። ዛሬ ግን መቅረት የማይቻልበት ቀን ነው። ድሮ መርፌ አያያዝ ያስተማረው ደቀ መዝሙሩ ትልቅ የልብስ ስፌት ቤት ከፍቶ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ያስመርቃል፤ ራሱ ድረስ መጥቶ «ጋሼ፣ ሪባኑን እርስዎ ካልቆረጡት አልከፍተውም» ብሎታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ አመድማው ሙሉ ልብስ ከቁም ሳጥን ወጥቶ በሩ ላይ ተሰቅሏል። አባትየው ኮቱንም ሱሪውንም በየቀኑ ይተኩሳል፤ የተተኮሰውን መልሶ ይተኩሰዋል። ለልጁ ግን ያን ነገር ካላመጣችሁልኝ አልሄድም፣ አሞታል በሉልኝ ብሎ የላከው በእህትየው በኩል ነው። ከራሱ አፍ አልወጣም።

ሊወጣ ሲል አባቱ ከመታጠቢያ ቤት ብቅ አለ። ጣቶቹ በውሃ ተጨማደዋል። ሁለቱም የሚያዩት ቦታ ፈልገው ሁለቱም ጫማ ላይ አረፉ። «በምሳ ሰዓት ብቅ ትላለህ አለችኝ እህትህ» አለ አባትየው። «አዎ አባዬ።» «እንግዲህ ካልተመቸህ፣ ሥራህን እንዳትበድል።» «ኧረ ይመቸኛል።» «በል እንግዲህ» አለና ወደ ክፍሉ ገባ፤ ወዲያው ካውያው ሲፍ ሲል ተሰማ።

ሱፐርማርኬቱ ሁለት ወለል አለው፤ ላይኛው መስታወትና መብራት ነው፣ ታችኛው ከመሬት በታች ነው። ወደ ታች በሚወስደው ደረጃ ሥር አንዲት ጠባብ ባንኮኒ አለች። ሰው ካልታመመ፣ ካላረጀ ወይም ካልተቸገረ በቀር የማይጠይቃቸው ዕቃዎች የሚሸጡት እዚያ ነው፤ ክራንች፣ የወገብ መታጠቂያ፣ የበሽተኛ መሽኛ፣ የአዋቂ ዳይፐር። ድሮ ላይ ቤት ከሶፍትና ከጥጥ አጠገብ ነበሩ፤ የቸገረው ሰው ግራ ቀኙን አይቶ ጋሪው ውስጥ ጣል ያደርግና ሶፍት ደርቦበት ሹልክ ይል ነበር። ወደ ታች ያወረዳቸው ራሱ «አራት ዓይነት» ነው። በቦታቸው ቀዝቃዛ ለስላሳና የስልክ ቻርጀር አስደረደረ፤ ሽያጩ ተመነደገ፣ በስብሰባ ላይ ተጨበጨበለት። እሽጎቹ ትልልቅ ስለሆኑና ባንኮኒዋ ስለማትበቃቸው መጋዘን ይቀመጡ ተባለ፤ ገዢ ሲመጣ ባንኮኒዋ ላይ ያለችው ልጅ የዕቃውን ስም በማይክ ትጠራለች፣ የመጋዘኑ ሠራተኛ ይዞ ይመጣል። ይህም የእሱ ሐሳብ ነው፤ ለቅልጥፍና። በዚያው ዋጋውንም ከፍ አደረገው። አንድም ሰው ቅሬታ አላቀረበም፤ ቅሬታ አለመምጣቱን ደግሞ የሙያው ውጤት አድርጎ ሲያወራው ከርሟል።

እንግዲህ በምሳ ሰዓት ወደዚያች ባንኮኒ ወረደ። አስቦበት ነው የወረደው፤ «ለጎረቤት ነው» ሊል ነው። ደረጃው መሐል ሲደርስ ጎረቤት የሚለው ሳሳበት፤ ጎረቤት ልጅ የለውም ወይ ይባላል። «ለአንድ ለማውቃቸው ሽማግሌ» ብሎ አሻሻለው። ባንኮኒዋ ላይ ያለችው ልጅ ማስቲካ እያኘከች ስልኳን ትነካካለች፤ አጠገቧ ሁለት ዕቃ ደርዳሪዎች ካርቶን ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን ይበላሉ። ሲያዩት ሦስቱም ቀና አሉ።

«ምን ልታዘዝ አለቃ?»

አፉን ከፈተ። «ባትሪ አለ?» የሚል ነገር ወጣው።

«ባትሪ?» አለች ልጅቷ። «ባትሪማ እግረ መንገድ ነው የሚገዛው ብለህ ላይ ካሸሯ ጋ ያስቀመጥከው አንተው አይደለህ እንዴ?» ደርዳሪዎቹ ከት ብለው ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀ፣ ግንባሩን መታ መታ አደረገ፣ «አይ ሥራ ብዛት» እያለ ወደ ላይ ተመለሰ። ደረጃውን ሲወጣ ላብ በላብ ሆኗል። ሚስት የለችው፣ ልጅ የለው፤ ያንን እሽግ ይዞ ቢታይ እስከ ማታ ሌላ ስም እንደሚወጣለት ያውቃል፤ አራት ዓይነት መባል ቀርቶ ምን ሊባል እንደሚችል ራሱ አስቦት ኩምሽሽ አለ። ለአባቴ ነው ቢል ደግሞ አባቱን በማይክ ማስጠራት ሆነበት። እንዲህ እያለ ለራሱ አስረዳ፤ ማስረዳት ሥራው ስለሆነ በቀላሉ አሳመነው። ስልኩ ጮኸ፤ እህቱ ናት። እስኪያባራ አየው። ከዚያ «እንግዶች መጡብኝ፣ ትንሽ ቆይቼ አደርስለታለሁ» ብሎ ጻፈላት። እንግዶቹ በርግጥ ይመጣሉ፤ ገና አልመጡም እንጂ።

እንግዳው ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከ ኃላፊ ነበር፤ ክራባቱ ሆዱ ላይ የሚተኛለት፣ ሳቁ ከፊቱ የሚቀድም ሰው። ሥራ አስኪያጇ ከጠዋት ጀምሮ ወለሉን ሁለት ሦስት ጊዜ አስወልውላለች። «ዕቃ አደራደራችንን እሱ ያስረዳዎት» ብላ አራት ዓይነትን ወደ ፊት ገፋ አደረገችው። እውነት ለመናገር ሰውየው ሲናገር ያምርበታል። ካሸሮቹ ዘንድ አቁሞት «ይህ እግረ መንገድ የሚገዛ ነው» አለ። «ዳቦ፣ ወተት፣ ሳሙና፣ ማስቲካ። ሰው አያስብበትም፤ የሚገዛው እጁ ነው። ስለዚህ ከእጁ አናርቀውም።» ወደ ምጣድና መፍጫው፣ ወደ ጫማው ወሰደው። «ይህ ደግሞ ዞሮ አወዳድሮ የሚገዛ ነው። ባልና ሚስት መጥተው ይጨቃጨቁበታል፣ ሄደው ይመለሳሉ። ሰፊ ቦታ የሰጠነው፣ ወንበር ያስቀመጥነው ለዚህ ነው። እዚህ ካላጨቃጨቅናቸው ሌላ ቤት ሄደው ይታረቃሉ።» ኃላፊው በሳቅ ሆዱ ተናጠ። ሽቶው በመስታወት የተቆለፈበት ዘንድ ሲደርሱ «ይህን ዕቃ ሰው ስሙን ጠርቶ ነው የሚፈልገው፤ ጣራ ላይ ብንሰቅለው መሰላል ይዞ ይመጣል» አለ። ሥራ አስኪያጇ በኩራት ታየዋለች። በዚህ ሁሉ መሐል ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይንቀጠቀጣል፤ እየተናገረ ዳበስ አድርጎ ዘጋው።

«አራተኛውስ?» አለ ኃላፊው።

«አራተኛውን ታች ነው የማሳይዎት» ብሎ ደረጃውን አስወረደው፤ ሥራ አስኪያጇም ተከተለቻቸው። የመጨረሻው እርከን ላይ ቆመው ባንኮኒዋን ከጎን ያዩዋታል። «አራተኛው ሰው ሳይወድ የሚገዛው ነው። ማንም ሊያየው አይፈልግም፤ ማስታወቂያ ብትሠራለት ፊቱን ያዞርብሃል። ስለዚህ ጥሩ ቦታ አናባክንለትም፤ የቸገረው ወርዶ ይጠይቃል። ደግሞ አንድ ደግ ጠባይ አለው ጌታዬ» አለና ትንሽ ቆም አለ፤ ይህን ቦታ ይወደዋል። «ያፈረ ሰው ዋጋ አይከራከርም።»

ኃላፊው ትከሻውን መታው። «ያፈረ ሰው ዋጋ አይከራከርም! ይህችን እኔም ስብሰባ ላይ እናገራታለሁ» አለ እየሳቀ። አራት ዓይነትም እየሳቀ ዞር ሲል ባንኮኒዋ ፊት አንድ ሽማግሌ ቆሞ አየ። መጀመሪያ ያወቀው ልብሱን ነው። አመድማው ሙሉ ልብስ፣ ሱሪው ላይ ያለው መስመር ወረቀት የሚቆርጥ። ከዚያ ትከሻውን አወቀ፣ ከዚያ አንገቱን። 

አባትየው ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ጠብቋል። ሲያልፍም ትንሽ ጠብቋል። የምረቃው ሰዓት ሲቃረብ ለብሶ ወጣ፤ እህትየው ሥራ ላይ ናት፣ የሚልከው የለም። አሁን ባንኮኒዋ ላይ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ይናገራል። ልጅቷ አልሰማችውም። «ምን? ጮክ ይበሉ አባባ፣ ማቀዝቀዣው ይጮሃል» ትለዋለች፤ በክፋት አይደለም፣ ማቀዝቀዣው እውነትም ይጮሃል። እንደገና ነገራት። «አሃ!» አለች፤ አወቀችው። «መጠኑስ? ትልቅ ነው መካከለኛ?» ዕድሜውን ሙሉ የሰው ወገብ ሲለካ የኖረ ሰው የገዛ ወገቡን ልክ በሹክሹክታ ተናገረ። ልጅቷ ማይኩን አነሳች። «የአዋቂ ዳይፐር፣ መካከለኛ፣ አንድ እሽግ፣ ወደ ታች ባንኮኒ» አለች፤ ድምፁ ከታችም ከላይም፣ ከዳቦው፣ ከጫማው፣ ከሽቶው ዘንድ ተስተጋባ። ማንም ቀና ብሎ አላየም ይሆናል። አባትየው ግን የታየ መስሎት አንገቱን ደፋ፤ የሱሪውን ኪስ ያለ ምክንያት ይደባብስ ጀመር።

«ምሳሌው ራሱ መጣልን» አለ ኃላፊው ጆሮው ሥር። «እስቲ ዋጋ ይጠይቅ እንደሆነ እንይ።»

ሦስቱም ቆመው አዩ። ይህ ጊዜ «አባዬ» የሚባልበት ጊዜ ነበር። ከእርከኑ ወርዶ፣ እሽጉን ከመጋዘኑ ሠራተኛ እጅ ተቀብሎ፣ «አባቴ ናቸው» ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምንም አይጠበቅበትም ነበር። እግሩ አልተንቀሳቀሰም።  ምናልባት እኔን አላየኝም፣ ቶሎ ከፍሎ ይሄድልኝ ይሆናል ብሎ ተመኘ፤ አባቱ ቶሎ እንዲሄድለት ነው የተመኘው። የመጋዘኑ ሠራተኛ ትራስ የሚያክለውን እሽግ አምጥቶ ባንኮኒዋ ላይ ዘፍ አደረገው። ልጅቷ ዋጋውን ነገረችው። አባትየው በሕይወቱ አንድ ቁልፍ እንኳ ሳይከራከር የገዛ ሰው አይደለም፤ የክር ነጋዴዎች እሱ ሲመጣ ሱቅ ይዘጋሉ ተብሎ ይቀለድበት ነበር። አሁን የያዘውን አውጥቶ ሰጠ፣ መልሱን ሳያየው ኪሱ ጨመረ።

«አየህ? እንዳልከው ነው፤ ትንፍሽ አላለም» አለ ኃላፊው፣ በክርኑ ጎሰም እያደረገው።

እሱም ፈገግ አለ። ይህን ማንም አላስገደደውም። ለኃላፊው ፊት ፈገግ የሚል ፊት አዘጋጅቶ ነበርና ፊቱ ራሱ ፈገግ አለ፤ ከዚያ በኋላ ሲያስበው ከሁሉም የበለጠ ያቃጠለው ይኼው ነው።

እሽጉ ከረጢት ውስጥ አልገባ አለ። አባትየው ትንሽ ታገለውና ኮቱን አወለቀ፤ ያን ሁሉ ቀን የተተኮሰውን ኮት እሽጉ ላይ አለበሰው፣ ሕፃን እንደያዘ ሰው አቅፎት ዞረ። ያን ጊዜ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ዓይኑ ልጁ ላይ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ወደ ኃላፊው ክራባት፣ ወደ ሥራ አስኪያጇ፣ መልሶም ወደ ልጁ ሄደ። ምን እንደሆነ ገባው። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ተሰበሰበ፤ መንገድ ላይ እንደሚያልፍ ሰው ፊት ሆነ። ወደ ደረጃው መጣ።

የቤቱ ሕግ ገዢ ሲወጣ ቅርቡ ያለ ሠራተኛ ያመስግነው ይላል። ሥራ አስኪያጇ እንግዳ ፊት ሕጉ እንዳይጎድልባት አራት ዓይነትን በዓይኗ ጠቀሰችው። «እናመሰግናለን አባት» አለ። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። «ተመልሰው ይምጡ።»

አባትየው ቆመ። ለማያውቀው ሰው እንደሚደረገው ራሱን በትህትና ዝቅ አደረገ። «እግዜር ይስጥልኝ። ሥራችሁን ይባርክላችሁ» አለ ለሦስቱም። ከዚያ በአንድ እጁ መደገፊያውን ይዞ፣ በአንድ እጁ ኮቱን አቅፎ፣ አንድ አንድ እያለ ወጣ። ልጁ ቦታ ለቀቀለት። ሲያልፍ የካውያና የሳሙና ሽታ ሸተተው፤ ቤታቸው የሚሸተው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አያስታውሰውም። ኃላፊው የወደፊት ተስፋህ ሰፊ ነው ብሎታል፤ ሌሎች ቅርንጫፎች ድረስ ሄዶ እንዲያስተምር ይደረጋል ተብሏል፤ ሥራ አስኪያጇ እጁን ጨብጣ ወዘወዘችው። እሱ «እሺ፣ እሺ» ይል ነበር። እንግዳው እንደሄደ ሽንት ቤት ገብቶ በሩን ቆለፈና መስታወቱ ፊት ቆመ። እሮጣለሁ፣ መንገድ ላይ እደርስበታለሁ፣ እግሩ ላይ እወድቃለሁ አለ። ደግሞ ምን ብዬ አለ። ፊቱን ታጠበ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር፤ መሬቷ ግን በሴራሚክ የተነጠፈች ናት፣ በዚያ ላይ ተወልውላለች። እንደ ቆለፈ ቆይቶ ቆይቶ ወጣና ሥራ አስኪያጇን አስፈቅዶ በእግሩ ወደ ስፌት ቤቱ ሄደ።

አዲሱ ቤት ቀለሙ ገና ይሸታል። መኪናዎቹ በረድፍ ተደርድረው ክዳናቸው ያብረቀርቃል፤ ሰው በሰው ላይ ሆኗል። ሪባኑ ተቆርጦ ሁለቱ ጫፎቹ በሩ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለዋል። አባቱ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ተቀምጧል፤ ጫፉ ላይ ሳይሆን ጀርባውን ተደግፎ፣ እግሩን አነባብሮ፣ ኮቱን ለብሶ። ኮቱ ብብቱ ሥር ተጨማዷል። ደቀ መዝሙሩ አጠገቡ ቆሞ የድሮ ነገር እያወራ ያስቀዋል፤ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲስቅ አላዩትም። ልጁ በር ላይ ቆመ። አባትየው አየው፤ እጁን ከፍ አድርጎ ና አለው። ሄደ፤ ምን ይሄዳል፣ እግሩ ወሰደው። «ይኸው ልጄ መጣ» አለ አባትየው፣ ዙሪያውን ለከበቡት ሽማግሌዎች። «ሥራው ብዙ ነው፤ ግን የትም ቢሆን አይረሳኝም።» ልጁ ፊቱን አየው፤ ሽሙጥ ፈለገ፣ ቂም ፈለገ፣ አንድ የተሸሸገ ቁጣ ፈለገ። ምንም አልነበረም። ቢኖር ይሻለው ነበር። ሽማግሌዎቹ በየተራ ጨበጡት፣ «ተባረክ፣ ሰው ከወለደ እንዲህ ያለ ልጅ ይውለድ» እያሉ፤ እጁ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ እንደ ሌላ ሰው እጅ ያየው ነበር።

እህቱ ከሥራ በቀጥታ መጥታለች። በሕዝቡ መሐል ሰንጥቃ ደረሰችና ክንዱን ይዛ ወደ ጥግ ሳበችው። ዓይኗ ውሃ አዝሏል። «ጠዋት ክፉ ተናገርኩህ፤ ይቅር በለኝ» አለችው። «ስልክ አላነሳ ስትለኝ ደግሞ እንዴት ረግሜህ እንደነበር ብታውቅ! አባዬ ነገረኝ እኮ። ወንድምሽ ሥራውን አቋርጦ በር ድረስ አመጣልኝ አለኝ። በወረቀት ጠቅልሎ፣ ምን እንደሆነ ማንም እንዳያውቅ አድርጎ፣ ምንም ሳይናገር አቀብሎኝ ሄደ አለኝ። እንዲህ ደስ ብሎት አላየሁትም።»

ወደ አባቱ አየ። ያ ሽማግሌ እንዲደረግለት የፈለገውን ሁሉ፣ ወረቀቱን ሳይቀር፣ ዝምታውን ሳይቀር፣ አስቦ አስቦ ለልጁ ሰጥቶታል። አሁን ወደዚህ አያይም፤ አንድ ጨርቅ በጣቶቹ መሐል እያሸ ለደቀ መዝሙሩ የሆነ ነገር ያስረዳል። ልጁ ወደ እህቱ ዞረ። 

«እኔ አይደለሁም» አላት። «እኔ አላመጣሁለትም።»

እህቱ ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ ሳቀች። «ይኸው ደግሞ! ሲመሰገን ማፈር ጀመረ» ብላ ትከሻው ላይ ጠጋ አለች። በዚያች ቅጽበት ደቀ መዝሙሩ ሊናገር እጁን አነሳና ሕዝቡ ጸጥ አለ። ጸጥታው ረጅም ነበር፤ ድጋሚ ለመናገር ይበቃል፣ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ለመስማትም ይበቃል። እህቱ ራሷን ትከሻው ላይ እንዳሳረፈች ናት። ሁለተኛ አልደገመውም።